የጋራ ሼድ በር፦ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብየዳና እንጨት ሥራ በአንድ ሼድ እንሠራለን። ቁልፍ የያዘው ሲዘገይ ሁላችንም ደጅ እንቆማለን። በካርድ ወይም በቁጥር የሚከፈት ኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ ብናስገጥም መብራት ሲጠፋ ምን ይውጠናል?

ሻጩን ከዋጋው በፊት የምትጠይቁት ይህንኑ ነው። የማግኔት ቁልፍ በሩን የሚይዘው ኃይል እስካገኘ ብቻ ነው፤ መብራት ሄዶ ባትሪውም ሲያልቅ በሩ ይለቀቃል። ኮምፕሬሰርና የብየዳ ማሽን ለሚያድርበት ሼድ አልመክረውም። ብዙዎቹ በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ገደማ ያለማቋረጥ ይወስዳሉ፤ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 14 ሰዓት ቢይዝ፣ ባትሪው ሲያረጅ ከዚያም ያንሳል። የምመርጥላችሁ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚወስደውን፣ መብራት ሲጠፋ ተቆልፎ የሚቀረውን ነው። ከውጭ በተራ ቁልፍም ይከፈት፤ ከውስጥ ደግሞ ያለ ካርድ፣ ያለ ቁጥር፣ በእጀታ ብቻ። በዚህኛው አትደራደሩ፤ የብየዳ ፍንጣሪ ሰጋቱራ ላይ ሲያርፍ ቁጥር የሚያስታውስ የለም።

በጣት አሻራ የሚሠራው ይቀላል ይሉናል። ከቡሬ

ለቢሮ ሰው ይቀል ይሆናል። በሲሚንቶና በብርጭቆ ወረቀት የሚውል ሰው የጣቱ መስመር ይፋቃል፤ ግሪስ ሲጨመርበት ማሽኑ አላውቅህም ይላል። ከገዛችሁ ቁጥርም የሚቀበለውን ግዙ።

አንድ አባል ተጣልቶን ወጣ፤ የበሩን ቁጥር ግን ያውቃል። ከፍኖተ ሰላም

ዛሬውኑ ቀይሩት። ከዚያ ለእያንዳንዱ አባል የየራሱን ቁጥር ወይም ካርድ ስጡ፤ የወጣውን ብቻ መሰረዝ ትችላላችሁ። በካርድ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ርካሹ ባለ 125 ኪሎ ኸርዝ ካርድ (ቁጥሩ ካርዱ ከበሩ ማሽን ጋር የሚነጋገርበት የሬዲዮ ሞገድ ነው) በትንሽ መሣሪያ በደቂቃ ውስጥ ይገለበጣል። ባለ 13.56 ሜጋ ኸርዙም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ማይፌር ክላሲክ የተባለው ምስጢሩ በ2008 እ.ኤ.አ. ስለተፈታ እሱም ይገለበጣል፤ ዴስፋየር የሚባለውን ካርድ ጠይቁ። ከፋብሪካ የመጣውን ዋና ቁጥር፣ ማለትም ሌሎቹ የሚመዘገቡበትንና የሚሰረዙበትን፣ መቀየርም አትርሱ። አዲሱን ማን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚመዘግብና እንደሚሰርዝ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ አለዚያ ጠቡ ከበሩ ወደ ቁጥሩ ይዛወራል።

በራችን ላሜራ ነው፤ ይገጠምልናል? ከሞጣ

እጀታ ያላቸው አብዛኞቹ ለወፍራም የእንጨት በር የተሠሩ ናቸው። ለላሜራ ከበሩ ገጽ ላይ የሚታሰረውን ባለ 12 ቮልት ፈልጉ፤ መቀመጫውን በያጅ ይሠራላችኋል። በሩ ከፍ ተደርጎ ካልተገፋ የማይዘጋ ከሆነ ግን መጀመሪያ ማጠፊያውን አሠሩ።