ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመው አንባቢ

ሰላም የደብረ ብርሃኑ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ልብ ወለድህን ለአራት አሳታሚዎች ሰጥተህ አራቱም መልሰውልሃል። አባትህ «ተው፣ የያዝከውን የሒሳብ ሥራ አጥብቀህ ያዝ» ይሉሃል። አጎትህ ደግሞ ማሳተሚያውን ላበድርህ ብለዋል። አንተ ግን የምትጠይቀኝ «ደራሲ አይደለሁም ማለት ነው?» ብለህ ነው።

ሦስቱን ደብዳቤዎች እርሳቸው። «የዓመቱ ዕቅዳችን ሞልቷል» የሚል መልስ ስለ ጽሑፍህ ምንም አይናገርም። ወረቀት በአብዛኛው የሚመጣው ከውጭ ነው። ዶላር በተወደደ ቁጥር ኅትመቱም ይወደዳል፤ አሳታሚም ስሙን ወደሚያውቀው ደራሲ ይጠጋል። ረቂቅህ ከፖስታው ወጥቶ እንደሆነ እንኳ እጠራጠራለሁ።

አራተኛው ግን ይለያል። በንዴት ነው የጠቀስክልኝ፦ «ከሰባተኛው ምዕራፍ በኋላ ታሪኩ ይፈዛል።» እንዴ! የማያውቅህ ሰው ሰባት ምዕራፍ አንብቦልሃል እኮ። የት ላይ እንደሰለቸውም ነግሮሃል። ብዙ ጀማሪ ይቺን እንኳ አያገኝም። «ደውል» ይባላል፣ ሲደውል ስልኩ አይነሳም።

ረቂቁን ለአንድ ወር አትንካው። ከዚያ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ምዕራፍ ያለውን ጮክ ብለህ ለጓደኛህ አንብብለት፤ ልብ ወለድ የማይወድ ቢሆን ይመረጣል። ሞባይሉን ያወጣበትን ገጽ ምልክት አድርግበት። ለአሳታሚው ግን የመልስ መልስ እንዳትጽፍ።

የአጎትህን ብር አትቀበል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አራሚ ነበርኩ። ደራሲው ቀሪውን ክፍያ አጥቶ ያልወሰደው መጽሐፍ መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ አይጥ ሲጀምረው አይቻለሁ። ካነጋገርኳቸው ደራሲዎች ብዙዎቹ በእልህ ያሳተሙ ነበሩ፤ «አሳያቸዋለሁ» ብለው። አጎትህ ዛሬ «ለቤተሰብ ነው» ይበሉ እንጂ፣ መጽሐፉ ካልተሸጠ ብድሩ በየበዓሉ ሲነሳብህ ይኖራል።

አባትህ ስለ ደመወዙ ልክ ናቸው፤ ስለ ጽሕፈቱ አይደሉም። ሁለቱን ማጣላት ለምን ያስፈልጋል? የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ተጽፎ እስኪታተም አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። ስብሐት በመሃሉ ጋዜጠኛ ሆኖ ይሠራ ነበር። እኔም ማተሚያ ቤት እያለሁ ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ ነበር የምጽፈው፤ ደመወዙ ባይኖር አንድ ገጽም አልጽፍም ነበር።

ማስተርስ ልማር ወይ ብለህ ለጠየቅከኝም፣ መሥሪያ ቤትህ ካልከፈለልህ ይቆይ።

ወሩ ሲያልቅ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ምዕራፍ አትመህ ላክልኝ። ስክሪን ላይ ማረም እስከ ዛሬ አልለመድኩም፤ እርሳስ ነው የምወደው።