የመድረኩ መብራት ለምን በራሱ ይርገበገባል?

ጥያቄ፦
ሰላም ጋሼ። የምጽፍልህ ከሐረር ነው። በአንድ የቲያትር ክበብ ውስጥ መብራት የምሠራው እኔ ነኝ። የመብራት ድምቀት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ ባለ ስድስት ቻናል ሦስት ዲመር ፓክ አለን፤ ሁለቱ ከመድረኩ ግራ፣ አንዱ ከቀኝ። በቅርቡ ኤልኢዲ ፓር የሚባሉ አራት የመድረክ መብራቶች ጨመርን። ከዚያ ወዲህ በቀኙ ዲመር ላይ ያሉት መብራቶች ይርገበገባሉ። አንዳንዴ ኮንሶሉ (መቆጣጠሪያው) ዜሮ ላይ ሆኖ ቦግ ይላሉ። ለፓሮቹ መስመር ያወጣነው ከኮንሶሉ ትእዛዝ የሚያመጣውን የዲኤምኤክስ ገመድ መሀል ላይ ቆርጠን ለሁለት በመክፈል ነው። ፓሮቹን ስነቅላቸው ይሻለዋል፣ ግን ጨርሶ አይተወውም። ያየው ባለሙያ «ዲመሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» አለን። ክበቡ ደግሞ ገንዘብ የለውም። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦
እህቴ፣ አትግዙ። ቢያንስ አሁን አትግዙ። ዲመር ሲሞት ብዙ ጊዜ አንዱ ቻናል በርቶ ይቀራል፣ ወይም ጭራሽ አይበራም። የእናንተው ግን ትእዛዝ እየደረሰው ነው፤ የተበላሸው የሚደርሰው ትእዛዝ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ከሠርግ አዳራሽ እስከ ሜዳ ኮንሰርት ስሠራ፣ በዚህ ሰበብ ጥግ ላይ የተጣለ ደህና ዲመር ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

እኔ የምጠረጥረው የከፈላችሁትን ገመድ ነው። ዲኤምኤክስ ከኮንሶሉ ወጥቶ ወደ አንዱ ዲመር፣ ከእሱ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እያለ በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። ቅርንጫፍ አይወድም። በሰከንድ 250,000 ቢት ነው የሚያልፍበት። በዚህ ፍጥነት የገመዱ ጫፍ ክፍት ከሆነ ሲግናሉ ጫፉን መትቶ ይመለሳል፤ በጀጎል ጠባብ መንገድ ሰው ስትጣሪ ድምፅሽ ከግንቡ እንደሚመለሰው። የተመለሰው ከአዲሱ ጋር ይደባለቅና ዲመሩ ያልተላከለትን ቁጥር ያነባል። ፓሮቹን ስትነቅይ ችግሩ ጨርሶ ያልጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል። ፓሮቹ ቢነሱም የቅርንጫፉ ገመድ እንደተንጠለጠለ ነው።

ዲኤምኤክስ ስህተት የሚያጣራበት መንገድ የለውም። በ1986 ሲወጣ የታሰበው ለዲመር ነው፤ አንዱ መልእክት ቢበላሽ ቀጣዩ ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ ርችት ወይም ሰው የሚያነሳ ማሽን በዚህ መስመር በፍጹም አይታዘዝም። ይህን ለክበቡ ልጆች አደራ ንገሪልኝ።

እንግዲህ ቅርንጫፉን አስወግዱት። ከሦስተኛው ዲመር መውጫ ወደ መጀመሪያው ፓር፣ ከእሱ ወደ ቀጣዩ እያላችሁ ቀጥሉ። የግድ በሁለት አቅጣጫ መሄድ ካለበት ስፕሊተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ለየቅርንጫፉ ሲግናሉን እንደ አዲስ ይልካል።

ቀጥሎ ጫፉን ዝጊው። ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ግዢ። ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ቀይ፣ ቡናማ ናቸው፤ በጥቂት ብር ይገኛል። በወንዴ ኤክስኤልአር ጃክ (የዲኤምኤክስ ገመዱ መሰኪያ) ውስጥ አንዱን እግሩን 2 ቁጥር ፒን ላይ፣ ሌላውን 3 ቁጥር ላይ በይጂው። 1 ቁጥር ባዶ ይቀመጥ። ይህን ጃክ የመጨረሻው ፓር መውጫ ላይ ሰኪው። አለቀ።

አሁን ሁሉንም አጥፊና ገመዱን ከኮንሶሉ ንቀይው። ቴስተርሽን ኦም ላይ አድርገሽ በዚያ ጫፍ 2 እና 3ን ለኪ። 120 አካባቢ ካሳየሽ መስመሩ ደህና ነው። 60 ካሳየ የሆነ ቦታ ሌላ ሬዚስተር አለ፤ አንዳንድ ዲመር በማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ የራሱ አለው። ምንም ካላነበበ ገመድ ተበጥሷል። ዜሮ ከሆነ ሁለቱ ተነካክተዋል፣ ጃኮቹን ፍቺ። ከብየዳው ሥር አንዲት ቀጭን የሽቦ ክር አፈንግጣ ታገኛለሽ። እሷ ናት ሌሊቱን ሙሉ የምታስለፋው።

ገመዱ ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። የማይክ ገመድ ከሆነ ባጭር ርቀት ይሠራል፣ ሲረዝም ያዋርዳል። የዲኤምኤክስ ገመድ ውድ ከሆነባችሁ በቋሚነት ለሚዘረጋ መስመር የኔትወርክ ገመድ ያገለግላል። 2 እና 3 ግን አብረው የተጠመዘዙት ጥንድ ላይ ይሁኑ። ከዲመሩ ከሚወጣው የኃይል ገመድ ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉት። መብራቱ ግማሽ ላይ ሲሆን መርገብገቡ ከባሰ ይህንን ጠርጥሪ፤ ዲመሩ ከፍተኛ ረብሻ የሚፈጥረው ያኔ ነው።

ፓሮቹ ደግሞ በሙዚቃ በሚሠራው ሞድ ላይ እንዳይሆኑ። ርካሾቹ በዚያ ሞድ ራሳቸው አለቃ ሆነው መስመሩ ላይ ይልካሉ፤ ከኮንሶሉ ጋር ይጋጫሉ። አድራሻቸውንም፣ ማለት የሚጀምሩበትን የቻናል ቁጥር፣ እይ፦ ዲመሮቹ 1፣ 7 እና 13 ላይ ከሆኑ ፓሮቹ ከ19 ይጀምሩ። የአድራሻ ስህተት ግን አያርገበግብም፤ አንዱን ስታበሪ ሌላውም አብሮ ይበራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የቀኙ ካልተወ፣ ከግራው ጋር ቦታና አድራሻ አለዋውጪው። ችግሩ ዲመሩን ተከትሎ ከሄደ ባለሙያው እውነቱን ነው። ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ሲግናሉን የሚቀበለው ባለ ስምንት እግር ቺፕ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 75176 ወይም ተመሳሳዩ ይገኛል። እሱ ብቻ ይቀየራል። ሽፋኑን የሚከፍተው ግን 220 ቮልቱ ከተነቀለ በኋላ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚያውቅ ሰው ይሁን።