ለድሬና ለሐረር ልጆች፦ የምርምር ብር ሰኔ 30 ላይ አይቁም

ልጆቼ፣ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በማሽላ ምርምር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ድሬዳዋ ነኝ። ከሐረማያ የተመረቃችሁም፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ገና የምትማሩም፣ ከዚራ ሰፈር ባገኘኋችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አላችሁ። «ጋሼ፣ ተመራማሪነት እዚህ አገር ያዋጣል?» ስለ ደመወዙ ከሆነ መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ሌላው ብር ነው። መንግሥት ለምርምር ስለሚመድበው።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ መጠኑ ነው። የአፍሪካ አገሮች ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ሊያውሉ ከተስማሙ ቆይተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የእኛው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ደግሞ ለዘርፉ በየዓመቱ ቢያንስ 1.5 በመቶ ይመደብ ይላል። ድርጅቶች ከዓመታዊ ትርፋቸው 1 በመቶ አዋጥተው የኢኖቬሽን ፈንድ እንዲቋቋምም ያስቀምጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው ግን በ2013 እ.ኤ.አ. 0.61 በመቶ የነበረው የአገራችን የምርምር ወጪ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ 0.27 በመቶ መውረዱን ነው። እኔን ከማነሱ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። በትንሽ ብር መመራመር ይቻላል፤ ስንቶቻችን ሠርተንበታል። በሚቆራረጥ ብር ግን አይቻልም።

በማሽላ ላሳያችሁ። በእኛ ሐረርጌ ማሽላ ሚያዝያ አካባቢ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ማሳው አረምና ኩትኳቶ በሚፈልግበት፣ በየሳምንቱ መመዝገብ በሚኖርበት ሰዓት ሒሳብ ይዘጋል። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተከፋፍሎ፣ ወርዶ የምርምር ጣቢያው እስኪደርስ ክረምቱ ይጋመሳል። የቀን ሠራተኛውን ማን ይክፈለው? የመስክ መኪናው በምን ነዳጅ ይሂድ? በሌላ በኩል ደግሞ እስከ ሰኔ ያላለቀ ብር ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ወንበርና ቶነር በጥድፊያ ሲገዛ አይ ነበር። «በጀት እናቃጥል» ይባላል። ያ ብር ሐምሌ ላይ ቢገኝ ምን ይሠራ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው እጅግ ያማል።

አንድ ዝርያ ከመጀመሪያው ማዳቀል አንሥቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። በመሃል ሒሳቡ አሥር ጊዜ ይዘጋበታል። አንድ ዓመት መረጃው ከተዘለለ፣ በተለይ የድርቅ ዓመት ከሆነ፣ የትኛው ዝርያ ድርቅ እንደሚችል ለማወቅ ሌላ ድርቅ መጠበቅ ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ታውቋቸዋላችሁ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተመረቁት ከዚሁ ከጎረቤታችን፣ ከያኔው አለማያ ኮሌጅ ነው። ድርቅ የሚችለውን ዲቃላ ማሽላ ያወጡት ግን ሱዳን ሆነው ነው። የማሽላን ሥር የሚመጠውን አረም፣ አቀንጭራን፣ በሚቋቋመው ማሽላ ላይ ረጅም ዓመት የሠሩት ደግሞ አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። ከሥራቸው ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ወደ አገራችንም ገብተዋል። እኔ በእሳቸው እኮራለሁ። እናንተ ግን ሌላም ነገር ልብ በሉ። አንድ ጥያቄ ይዘው ዓመታት እንዲቆዩ ያስቻላቸው ገንዘብ የመጣው ከእኛ አልነበረም።

ደቡብ ኮሪያ በ1966 እ.ኤ.አ. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቷን አቋቋመች። በዚያው ዓመት እኛም የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩታችንን አቋቁመናል። ያኔ ኮሪያም ለምርምር የምታወጣው ከአገራዊ ምርቷ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ነገር ግን ኢንስቲትዩቱ መንግሥት እየደገፈው፣ በየዓመቱ ግን እጁን ሳያስገባበት እንዲሠራ ልዩ ሕግ ወጣለት። ዛሬ ኮሪያ የምታወጣው 5 በመቶ ገደማ ነው። ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠቅሱልኝ ይህን 5 በመቶ ነው። እኔ የምቀናው በሕጉ ነው።

ስለ ውጭ ገንዘብም አንድ ነገር ልበል። በምሥራቅ ሐረርጌ ባለችው በከርሳ ወረዳ ውስጥ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደትና ሞት እየተከታተለ ይመዘግባል። በከርሳና በሐረር ሕፃናት በምን ምክንያት እንደሚሞቱ የሚያጠናው ሥራ ደግሞ በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ይሄዳል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ዕድሉን ካገኛችሁ ግቡበት። ቢሆንም ለጋሽ የሚከፍለው እሱን ላሳሰበው ጥያቄ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ደረቀ። ሐረር የምትጠጣው ከዚያ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው ሲመለስ ሁላችንም ደስ አለን። የውኃውን ልክና ለጫቱም ለአትክልቱም የሚሳበውን መጠን በየወሩ መለካት ውድ ሥራ አይደለም። ሃያ ዓመት ሳይቋረጥ መለካት ግን የራሳችን መንግሥት ግዴታ ነው። ለዚህ ከሌላ አገር ሰው አይጠበቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። ፕሮፖዛል ስትጽፉ የሐምሌንና የነሐሴን ሥራ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ክፍያውና ግዢው ከሰኔ በፊት ምን ያህል እንደሚያልቅ ከፋይናንስ ሰዎች ጋር በጥር ተነጋገሩ። ብዙዎቹ ቀና ሰዎች ናቸው፣ ችግሩን የሚነግራቸው ሰው ነው ያጡት። የሰበሰባችሁትን ዳታ በላፕቶፓችሁ ብቻ አታስቀሩ። እናንተ ሥራ ብትቀይሩ ተከታዩ ከዜሮ መጀመር የለበትም።

ደግሞ በጀት ማንበብ ልመዱ። የፌዴራሉ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። የድሬዳዋ ምክር ቤትም የአስተዳደሩን በጀት ያጸድቃል። ለምርምር የተያዘውን መስመር ፈልጉ፣ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩት፣ ከቀነሰ ለምን ቀነሰ ብላችሁ በስማችሁ ጽፋችሁ ለምክር ቤት አባላችሁ አስገቡ። ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ምርምር በጀቱ ሰኔ ላይ ሳይመለስ ወደ ቀጣዩ ዓመት እንዲሻገር ሕግ ይውጣለት ብላችሁም ጨምሩበት። ደብዳቤውን ስታዘጋጁ እኔንም ጥሩኝ፤ አብሬ እፈርማለሁ።