ዜሮ ሲያሳይ ነው የምደነግጠው፤ ስለ ጨረር መለኪያ ለጠየቃችሁኝ

ዕድሜዬ የሄደው ውጭ አገር፣ አንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ የጨረር መለኪያ ስጠግን ነው። አሁን ደሴ፣ እናቴ ቤት ነኝ። እዚህ ደግሞ ቡናው ቶና ሳይደርስ ጥያቄ ይጀመራል። "ማመንጫ በሌለበት አገር ይሄ ምን ያደርጋል?" ያለኝም አለ። እውነት ነው፣ ማመንጫ የለንም። ራጅ ክፍል ግን አለን። መንገድ ሠሪዎችም አፈሩ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለኩበት፣ ሆዱ ውስጥ ሲዝየም (ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር) ያለበት ጌጅ ይዘው ይዞራሉ። መለኪያ እዚያም እዚህም የሚበላሽበት መንገድ አንድ ነው። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የመንገድ ሥራ ላብራቶሪ)፦ ጋሼ፣ የመለኪያችን መርፌ ዜሮ ላይ ቁጭ ብሏል። ጌጁ ደህና ነው ማለት ነው?

መልስ፦ መለኪያው ሞቷል ማለት ነው። በምድር ላይ ጨረር ጭራሽ የሌለበት ቦታ የለም። ከድንጋዩም ከሰማዩም ይመጣል። ጤነኛ መለኪያ ሜዳ ላይ ብታቆመው በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን የሚነገርበት አሃድ ነው) አካባቢ፣ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያለ ያነባል። መንቀጥቀጡ ራሱ የጤንነት ምልክት ነው። ዜሮ፣ ወይም ለቀናት ቀጥ ያለ አንድ ቁጥር ሳይ እኔ እደነግጣለሁ።

መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ሳትስቁ ስሙኝ፣ ብዙው ብልሽት እዚያ ያልቃል። ባትሪው ውስጡ ከርሞ ነጭ ዱቄት ካወጣ፣ ጓንት አድርግና በጨርቅ ጫፍ አቼቶ ነክተህ ኮንታክቱን ጥረግ፣ አድርቀው። ቀጥሎ ኬብሉን። ከዚያ የጋይገር ቱቦውን፣ ማለትም ጨረሩን የሚቆጥረውን ጋዝ ያለበትን ቱቦ፣ መስኮት። ከማይካ የተሠራ በጣም ስስ ነገር ነው፤ የሣር ጫፍ ይበሳዋል። ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፣ ቱቦው ያበቃለታል። እሱን መጠገን የለም፣ መቀየር ነው። ቱቦው የሚሠራው በመቶዎች ቮልት ስለሆነም እንደበራ ክዳኑን አትክፈት።

ጥያቄ (ከዚያው ሰው)፦ ከፍ ብሎ አልወርድ ካለስ? ያኔ ተበላሽቷል ልበል?

መልስ፦ በፍጹም! ከፍ ካለ መጀመሪያ እመነው። ሰዎቹን አርቅ፣ መለኪያውን ከዚያ በኋላ ትጠረጥረዋለህ።

በፈረንጆች 1987 ብራዚል፣ ጎያንያ ከተማ ውስጥ ከተተወ የሕክምና ማሽን ላይ የሲዝየም 137 ምንጭ ተነቅሎ ተሰባበረ። ብዙ ቀን ቆይቶ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ መለኪያ ተውሶ ሊያጣራ ሄደ። ገና ሲያበራው መርፌው ጥግ ድረስ ተወረወረ። "ይሄ ተበላሽቷል" ብሎ ተመልሶ ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። መለኪያው ጤነኛ ነበር፤ ጤና ያጣው ሰፈሩ ነው። 249 ሰው ተበክሎ ተገኘ፣ አራት ሰው ሞተ።

መለኪያውን የምትጠረጥረው እንዲህ ነው። ንጹሕ መሆኑን የምታውቀው ቦታ ድረስ ይዘኸው ሂድ። ቁጥሩ ከወረደ ችግሩ የነበረው ቦታው ላይ ነው። አብሮህ ከመጣ ወይ ዲቴክተሩ (ጨረሩን የሚቀበለው ክፍል) ራሱ ተበክሏል፣ ወይ ውስጡ ተበላሽቷል። እኛ ለዚህ ብለን ዲቴክተሩን ስስ ፌስታል እናለብሰው ነበር። ሲቆሽሽ ፌስታሉን በጥንቃቄ አውልቆ እንደገና ማንበብ ነው። አንድ ነገር አትርሳ፣ ፌስታል ያለበሰ ሰው አልፋ የሚባለውን፣ ወረቀት እንኳ የሚያቆመውን ጨረር አያይም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ የራጅ ባለሙያ)፦ ከእርሳሱ በር ውጭ የጋይገር መለኪያ ይዤ ራጅ ስናነሳ ምንም አላነበበም። በሩ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግን የጻፍሽውን ሰርዢው። አንድ ራጅ የሚነሳው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። መለኪያሽ ቁጥሩን አስተካክሎ ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። ገና ሲነቃ ራጁ አልቋል። ስለዚህ መለኪያውም አልተበላሸ፣ በሩም አልተመረመረ። ለዚህ የሚሆነው፣ አጠቃላዩን ድምር መያዝ የሚችል አዮናይዜሽን ቻምበር ነው። የሌላችሁ እንደሆነ አዲስ አበባ ያለውን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ጠይቁ። ደረትሽ ላይ የምታደርጊውን፣ የደረሰብሽን ጨረር የሚመዘግበውን ባጅ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አትተይው። መሳቢያው ጨረር አይፈራም።

ጥያቄ (ከሐይቅ፣ የፊዚክስ መምህር)፦ ጨረሩ በጣም ሲበዛ ጋይገር ዝቅ አድርጎ ያነባል የሚባለው እውነት ነው? ለተማሪ እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ መምህር። እርስዎ ባቲ ገበያ ሰኞ ዕለት በር ላይ ቆመው ግመል ይቆጥራሉ እንበል። አንድ ግመል ሲገባ አንድ ጭረት። ጭረቷን እስኪጽፉ ሌላ ቢገባ አያዩትም። አንድ በአንድ ሲገቡ ችግር የለም። ሲበዙ የሚያመልጥዎት ይበዛል። ጭራሽ መንጋው ክፍተት ሳይኖረው እንደ ጎርፍ ቢገባስ? የትኛው የት እንደጀመረ አይለዩም፣ ብዕርዎም ይቆማል። ወረቀቱን ያየ ሰው "ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል" ይላል። ቱቦውም እንደዚያ ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለአንድ ሰከንድ አሥር ሺህኛ ያህል ዓይኑን ይጨፍናል። ምቱ ከተደራረበ ዓይኑን ሳይከፍት ይቀራል። ጥሩ መለኪያ ይህን አውቆ "ከልክ በላይ" የሚል ምልክት ያወጣል፤ ርካሹ ዝም ይላል።

የቸርኖቢሉ ደግሞ ለየት ይላል። በፈረንጆች 1986 ማመንጫው በፈነዳበት ሌሊት ሠራተኞቹ እጅ ላይ የነበረው መለኪያ ሊያሳይ የሚችለው ትልቁ ቁጥር በሰዓት 3.6 ሮንትገን (የድሮ የጨረር አሃድ) ነበር። መርፌው እዚያ ደርሶ ቆመ። "3.6 ነው" ተብሎ ወደ ላይ ተነገረ። መባል የነበረበት "ቢያንስ 3.6" ነው። እኔ አዲስ ልጅ ሳሠለጥን ከማንኛውም ሽቦ በፊት የማስተምረው ይህችን "ቢያንስ" የምትል ቃል ነው።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ ክረምት ዝናብ ሲጥል የልጄ መለኪያ ከፍ ይላል። ደመናው ተመርዟል ወይስ ዕቃው ውሃ ገብቶበታል?

መልስ፦ አባባ፣ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ከአፈር ውስጥ ሬዶን የሚባል ጋዝ ሁልጊዜ ይወጣል። እሱ የሚወልዳቸውን ነገሮች ዝናቡ ከአየር ላይ አጥቦ ያወርዳቸዋል። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳሉ። ልጅዎ ዝናብ እንደጣለ የመኪና መስታወት በሶፍት ጠርጎ፣ ሶፍቱን መለኪያው ሥር አድርጎ በየ10 ደቂቃው ይጻፍ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወረደ ዕቃው ጤነኛ ነው። ቢደርቅም ካልወረደ ያኔ እርጥበት እንጠርጥር።

ይሄ ሬዶን ማመንጫ ውስጥም ያስቸግረናል። ፖሊስተር ልብስ እሱ የሚወልዳቸውን ነገሮች ይስባል፤ ሰውየው ምንም ሳይነካ መውጫው ላይ አላርም ይጮኻል። ትንሽ ቁጭ አድርገን ደግመን እንለካዋለን። ወርዶ ከተገኘ ሬዶን ነው። በፈረንጆች 1984 አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ስታንሊ ዋትራስ የሚባል መሐንዲስ የማመንጫውን አላርም ያስጮኸው ነበር። ማመንጫው ገና ሥራ አልጀመረም። ጨረሩን ይዞት የሚመጣው ለካ ከቤቱ ነው!

ጥያቄ (ከወልድያ፣ የሆስፒታል ዕቃ ጠጋኝ)፦ ጋሼ፣ በጣም ያንገላታህ ብልሽት የትኛው ነው?

መልስ፦ አንድ የግድግዳ መለኪያ ነበር። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቁጥሩ ዘሎ አላርም ይሰጥና ወዲያው ይወርዳል። ዲቴክተሩን ቀየርን፣ ያው። ሰርኪዩቱን ቀየርን፣ ያው። በሦስተኛው ቀን ወንበር ይዤ ሥሩ ተቀመጥኩ። ጎን ያለው ፓምፕ ሲነሳ ቁጥሩ ይዘላል! የመለኪያው ኬብል ከፓምፑ የኃይል ገመድ ጋር ተቃቅፎ ነው የሚሄደው። ኮኔክተሩን (የኬብሉን መጋጠሚያ) በጣቴ ነካ ሳደርገው ፓምፑ ቆሞም ቁጥሩ ዘለለ። ፈታሁት። ውጪውን የሚሸፍነው፣ የሌላ ገመድ ኤሌክትሪክ እንዳያውከው የሚከላከለው የሽቦ መረብ ተበጥሶ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል፣ ዙሪያው አረንጓዴ ዝገት። አንድ ኮኔክተር ነው ሦስት ቀን የበላን። ያን ጊዜ ጀምሮ ምንም ሳልፈታ ኬብሉን እያወዛወዝኩ ማየት ልማዴ ሆነ። ብየዳና ሞባይልም እንዲሁ ያዘልሉታል።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ አንድ መለኪያ ሲበላሽ ማመንጫው ይቆማል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም። ወሳኝ ቦታ ላይ ሁለት ወይም ሦስት መለኪያ ይኖራል። በሦስቱ ከሆነ ሁለቱ ሲስማሙ ነው እርምጃ የሚወሰደው። ጠጋኙ መጀመሪያ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ይናገራል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ በእሱ ፋንታ በእጅ የሚያዝ ይተካል። በአንዴ ሁለቱን መንካት ክልክል ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቼ ስመጣ ቁጥሩ ትንሽ ጨመረ። ተበላሸ?

መልስ፦ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከፍ ባልክ ቁጥር ከሰማይ የሚመጣው ይጨምራል። ድንጋዩም ይለያያል። አብሽር።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ጨረር ይለካል የሚባለው የስልክ አፕስ?

መልስ፦ ለጨዋታ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻው ልጅ እንደገና)፦ ካሊብሬሽን (የመለኪያውን ቁጥር ከታወቀ ጨረር ጋር ማስተካከል) ካደረግን ቆየን። መፈተሻ ምንጫችንም፣ ያቺ መለኪያውን የምንሞክርባት ሲዝየም፣ አርጅታለች። ላምጣልህ?

መልስ፦ ካሊብሬሽን በዓመት አንዴ ነው፣ እሱን እኔ አልሠራልህም። በየቀኑ ግን መፈተሻ ምንጩን አስጠግተህ የድሮው ቁጥር ላይ መምጣቱን እይ። ሲዝየም 137 በ30 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ምንጩ 10 ዓመት ከሆነው አንድ አምስተኛ ያህሉ ሄዷል። እሱን ሳታሰላ መለኪያውን አትክሰስ። የተበላሸውን ሐሙስ ፒያሳ አምጣልኝ፣ ባትሪውን አውጥተህ። ምንጩን ግን በኪስህ ይዘህ እንዳትመጣ!