«ሁሉም ዋው አሉኝ፤ አፑን ላሠራ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባንክ ነው የምሠራው። ለሠራተኛ ሴቶች የወጥ ቁሌት አዘጋጅቼ፣ አሽጌ በአፕ መሸጥ አስቤያለሁ። ማታ ከሥራ ገብቶ ሽንኩርት መክተፍ የማይሰለቻት ማን አለች? ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ስነግራቸው ሁሉም «ዋው፣ አሪፍ ነው» አሉኝ። አፑን የሚሠራልኝ ልጅ 350 ሺህ ብር ጠየቀኝ። አክስቴ ልታበድረኝ ፈቃደኛ ናት። ስለ አዲስ ንግድ አጀማመር የሚናገረውን የኤሪክ ሪስን መጽሐፍ «ዘ ሊን ስታርትአፕ» አንብቤ በጣም ተነቃቅቻለሁ፤ ቶሎ ጀምሩ ይላል። እርስዎ ምን ይሉኛል? ሐሳቤን ሰው ቢሰርቀኝስ?
ሜ.፣ ከአያት

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ባልትና ቤቱን ከሚያግዘኝ ልጄ እጅ ነጥቄ። ቶሎ ጀምሩ ማለቱ እውነት ነው። ቶሎ አፕ አሠሩ ግን አላለም። እንዲያውም የራሱ ታሪክ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢምቩ የሚባል፣ ሰው ከጓደኛው ጋር በኢንተርኔት የሚያወራበትን ፕሮግራም የሚሠራ ኩባንያ ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ። ለወራት ኮድ ሲጽፉ ከርመው ሰው ጠርተው ሲያስሞክሩ፣ ጓደኛውን ልጋብዝበት የሚል ጠፋ። ጓደኛዬ ፊት እንዳላፍር መጀመሪያ ብቻዬን ልየው ነው መልሱ። ያ ሁሉ የተለፋበት ኮድ ተጣለ።

ላንቺ የተጻፈ የሚመስል ታሪክም አለበት፤ አልፈሽው ሄደሻል መሰለኝ። ኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ፉድ ኦን ዘ ቴብል የሚባል ድርጅት። ለቤተሰቡ የሚስማማ የሳምንት ምግብ አውጥቶ፣ ሰፈር ያለው ሱቅ ቅናሽ ካደረገበት ዕቃ ጋር ማገናኘት ነው ሐሳቡ። ሶፍትዌሩን ሳይሠሩ አንዲት ደንበኛ ያዙ። አንዲት ብቻ! ሥራ አስኪያጁ ማኑኤል ሮሶ ራሱ በየሳምንቱ እየሄደ ምን እንደምትወድ ይጠይቃታል። የምግብ አሠራሩንና የአስቤዛውን ዝርዝር በእጇ ሰጥቶ የ9.95 ዶላር ቼክ ይቀበላል። ከዚያ ሁለተኛ ደንበኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሥራው ወደ ኮምፒዩተር የገባው በሰው ጉልበት አልዳረስ ሲላቸው ነው።

አሁን ወደ «ዋው» እንምጣ። ጓደኛሽ ምን እንድትልሽ ጠብቀሽ ነበር? ምሳ አብራችሁ እየበላችሁ «ይሄ አያዋጣም» ትበልሽ? ይሉኝታ አለ እኮ። እኔ ቤት የሚመጣው ሁሉ በሶዬን ቀምሶ «እጅዎ ይባረክ» ይላል፤ ስንቱ ባዶ እጁን ይወጣል! ምርቃቱን አሜን ብዬ እቀበላለሁ። የምቆጥረው ግን ተመልሶ የሚገዛውን ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሽንኩርት ግዢና ቤትሽ አቁላዪ። ለእነዚያው ዋው ባዮች በቴሌግራም «ማክሰኞ ማታ አደርሳለሁ፣ ግማሽ ኪሎው ይህን ያህል፣ ቀብድ በቴሌብር» ብለሽ ላኪ። ከዚያ ስልክሽን እያየሽ ጠብቂ። ዋጋ ስታወጪ ደግሞ የጥሬውን ኪሎ አትያዥ፤ የተቁላላውን መዝኚ። ድስት ሙሉ የገባ ሽንኩርት ታች ሥሩ ላይ ሲቀር አይተሻል። የመብራቱን፣ ቆመሽ ያማሰልሽበትንም ሰዓት አስቢ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛችሽ ልትረዳሽ ብላ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት ሳትጎተጉቻት ያዘዘችውን ያዣት፤ እሷን ጠይቂያት፤ ቅመሙ በዛ ወይ፣ ለአልጫ የሚሆንም ትፈልጊያለሽ ወይ በያት።

መጽሐፉ የማያውቀው ነገር የኛ ጾምና በዓል ነው። ለፋሲካ ብትሞክሪ የዶሮ ሽንኩርት ያስለቀሰው ሁሉ ይሻማብሻል፤ በዳግማይ ትንሣኤ ስልክሽ ጸጥ ይላል። በሁዳዴ 55 ቀን ቅቤ የነካው ነገር ጾመኛ ቤት አይገባም። እኔ ብሆን በጥቅምት እሞክር ነበር። መስቀል አልፏል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው በኅዳር አጋማሽ ነው። ያኔ የምታገኚው ገበያ ያዘቦቱ ገበያ ነው።

አንድ የማልስማማበት አለ። ሪስ የመጀመሪያው ምርት ጎደሎ ቢሆንም አውጡት ይላል። ለሶፍትዌር ይሁንለት። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና በለመደ ከተማ ግን ምግብ ላይ እንዲህ አይሠራም። አንዴ ሆዷን ያመማት ሴት ለቢሮው ሁሉ ትናገራለች፤ ያኔ ይሉኝታ የለም። ሎጎው ይቅር፣ ዕቃው ተራ ይሁን። ቁሌቱ ግን በደንብ የበሰለ፣ መብራት ሲጠፋ የት እንደምታስቀምጪው የታሰበበት ይሁን።

ስለ ሌባው አትጨነቂ። ሪስ ራሱ እስቲ ሐሳባችሁን ለትልቅ ድርጅት ሰው ሄዳችሁ ንገሩና እንዲሰርቃችሁ ሞክሩ ይላል። ሰዉ በራሱ ሥራ ተወጥሯል፤ ጊዜም የለው። ሽንኩርት ማቁላላት እንደሆነ ድሮም ምስጢር አይደለም።

የአክስትሽን ብር አሁን አትንኪው። ሰው ከለመደሽ በኋላም ከአፑ በፊት ሰፋ ያለ ድስትና ፍሪዘር ነው የሚቸግርሽ፤ ለእነሱ ደግሞ ዕቁብ ይበቃል።