«የብዝኃነት ኃላፊ» ለመሆን ከየት ልጀምር?

ጠያቂያችን የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደችው በልጅነቷ ነው፤ አሁን የ3ኛ ዓመት የኮሙኒኬሽን ተማሪ ናት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናት አማርኛ ታስተምራለች። ኒክሎዲዮን በሚባለው የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ከኃላፊዎቹ አንዷ ስለነበሩት ስለ ማርቫ ስሞልስ አንብባ «እኔም እንደሳቸው በልጆች ሚዲያ የብዝኃነት ኃላፊ መሆን እፈልጋለሁ» ብላ ጽፋልናለች። የብዝኃነት ኃላፊ ማለት መሥሪያ ቤቱ የተለያየ ዘርና ፆታ ያላቸውን ሰዎች እንዲያካትት የሚሠራ ሰው ነው። ግን የብዝኃነት ክፍሎች እየተዘጉ መሆኑን ትሰማለች። እናቷ ደግሞ «ነርሲንግ ግቢና ተገላገይ» ይሏታል። ጥያቄዋ፦ በብዝኃነት (ዳይቨርሲቲ) ማስተርስ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

እህቴ፣ በእናትሽ ልጀምር። ተሳስተዋል አልልሽም። ነርስ ሥራ አያጣም፤ እሳቸውም የሚያዩት ይህንኑ ነው። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ሕመምተኛ አንድ ቃል የለም። ስለ ልጆች ግን ግማሽ ገጽ ጽፈሻል። ስለዚህ ወደ ልጆቹ እንሂድ።

የማርቫ ስሞልስን መንገድ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ አንብቢው። የሳውዝ ካሮላይና ሰው ናቸው። በቴሌቪዥን አልጀመሩም። የኮንግረስ አባል የነበሩት የሮቢን ታሎን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ኒክሎዲዮን የገቡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ)። ያኔም ሥራቸው የሕዝብ ጉዳዮች ነበር። በእናት ኩባንያው በቫያኮም የአካታችነት ሥራው ለሳቸው የተሰጠው ከዓመታት በኋላ ነው። ሲሰጣቸውም የኒክሎዲዮኑን አልለቀቁም።

የኮንግረስ ቢሮ ምን ያስተምራል? የተቆጣ መራጭ ሲደውል ሳይጨቃጨቁ ማዳመጥ። አለቃ የሚፈርምበትን ደብዳቤ ማርቀቅ። ማን ማንን እንደሚሰማ ማወቅ። እኔ ከማዕረጉ ይልቅ ይህንን አስበልጣለሁ።

ልጆችን በማገልገል በኩል የተሠራውን ደግሞ ተመልከቺ። ኒክሎዲዮን በ1994 «ዘ ቢግ ሄልፕ» የሚባል ዘመቻ ጀመረ። ልጆች ወደ ጣቢያው ስልክ ይደውላሉ። ቃል የሚገቡት ግን ገንዘብ አይደለም፤ ሰፈራቸው ውስጥ በነፃ የሚሠሩበትን ሰዓት ነው። በ2004 ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጣቢያው ለሦስት ሰዓት ፕሮግራሙን አቋርጦ «ውጡና ተጫወቱ» አላቸው። በማስታወቂያ የሚኖር ጣቢያ በቀን ብርሃን ራሱን ሲዘጋ አስቢው! አለቆችን እንዲህ ላለ ነገር «እሺ» ለማሰኘት ጥሩ ሐሳብ ብቻ አይበቃም። ገበያውንም፣ ሕጉንም፣ ወላጁንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ስለ መዘጋቱ የሰማሽው እውነት ነው። ቫያኮምን የወረሰው ፓራማውንት በየካቲት 2025 በዘርና በፆታ ያወጣቸውን የቅጥር የቁጥር ግቦች ተወ። በዚያው ወር የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ድርጅት ፒቢኤስ የብዝኃነት ቢሮውን ዘጋ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ኮንግረሱ ለሕዝብ ማሰራጫዎች የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰረዘው። ማዕረግ በአንድ ማስታወሻ ይሄዳል። በማዕረጉ ላይ ብቻ ተደግፈው የነበሩት ሰዎች ዛሬ ሲቪያቸውን እንደገና እየጻፉ ነው።

ሥራው ግን ከማዕረጉ በፊት ነበር። ሰሳሚ ስትሪት የሚባለው የልጆች ፕሮግራም በኅዳር 1969 ሲጀምር እንዲህ የሚባል ቢሮ አልነበረውም። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሰዎች ተጎራብተው የሚኖሩበትን ሰፈር ግን ስክሪን ላይ አመጣ። በ1970 የሚሲሲፒ የትምህርት ቴሌቪዥን ኮሚሽን በዚሁ ምክንያት አናስተላልፍም ብሎ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ያንን ሰፈር የሠሩት የብዝኃነት ኃላፊዎች አልነበሩም። ጸሐፊዎች፣ ተዋናይ መራጮችና ተመራማሪዎች ነበሩ።

ስለ ተመራማሪዎቹ ትንሽ ልቆይ፤ ላንቺ የሚሆን ሥራ እዚህ አለ ብዬ አምናለሁ። ኤድዋርድ ፓልመር የሚባል የሰሳሚ ስትሪት ተመራማሪ አንድ ሕፃን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጣል። ከቴሌቪዥኑ ጎን በየ7.5 ሰከንዱ ስላይድ የሚቀያይር ሌላ ስክሪን አለ። አንድ ሰው ደግሞ የሕፃኑን ዓይን እየተከተለ ይመዘግባል። ዓይኑ ከፕሮግራሙ ወደ ስላይዱ የሸሸበት ቦታ እንደገና ይሠራል ወይም ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጅ ሲሰለቸው በይሉኝታ አያይሽም። ይህንን ማየት የሚችል ሰው ቢሮው ቢዘጋም ሙያው አብሮት ይሄዳል።

አንድ ነገር በጎን ልጨምር። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1990 የልጆች ቴሌቪዥን ሕግ አውጥቷል። በ1996 ደግሞ ጣቢያዎች በሳምንት ሦስት ሰዓት ለልጆች ትምህርታዊ ፕሮግራም እንዲያቀርቡ የሚል መመሪያ መጣ። በ2019 ላላ ተደርጓል፤ አልተሻረም። ሕጉን የሚያነብ የልጆች ሚዲያ ሰው ብዙ የለምና አንብቢው።

የምትኖሪበት ቦታም አንድ ሀብት ነው። ፒቢኤስና የዋሽንግተን አካባቢ የሕዝብ ጣቢያ የሆነው ደብሊው-ኢ-ቲ-ኤ አርሊንግተን፣ ቨርጂንያ ናቸው፤ ካንቺ ወንዝ ማዶ። ኮንግረሱም በባቡር ይደረሳል። በ2004 በወጣው የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ደግሞ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ ኢንተርንሺፕ ስትፈልጊ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። የኮንግረስ አባል ቢሮ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት፣ የከተማው የቋንቋ ክፍል፣ ሁሉም ያስኬዳል።

ሲቪሽን አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ላይ «ለብዝኃነት ጥልቅ ፍቅር ያላት» ብለሻል። አውጪው፤ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። የእሁዱን ትምህርት ግን መጨረሻ ላይ «በጎ ፈቃድ» ብለሽ በአንድ መስመር ቀብረሽዋል! እሱን ወደ ላይ አምጪው። ስንት ልጅ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? እዚያው አሜሪካ የተወለደው የስድስት ዓመት ልጅ በአማርኛ ስትጠይቂው በእንግሊዝኛ ሲመልስ ምን አደረግሽ? የትኛው ተረት አስቀመጣቸው፣ የትኛው በተናቸው? ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው፤ ልምድ የሚባለውም ይኸው ነው።

ማስተርሱን አሁን ተዪው። ባለፉት ዓመታት በዚህ ስም የተከፈቱ ፕሮግራሞች አሉ፣ ውድ ናቸው፤ ዕዳውን የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ይልቅ ሁለት ሴሚስተር ይቀርሻል። አንዱን ኮርስ የልጆች ሥነ ልቦና፣ ሌላውን የምርምር ዘዴ አድርጊው። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው በተከፈተበት ቀን ግቢ። እናትሽ «ለምኑ ነው?» ካሉሽ፣ የልጆች ሥነ ልቦና ለነርስም እንደሚሆን ንገሪያቸው። እውነት ነው፤ እሳቸውም ትንሽ ይረጋጋሉ።