ስምንት ማስገቢያ ለአንድ ጊታር?

ዓባይ ማዶ ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ ጊታሬን በላፕቶፔ የማይክ ቀዳዳ ሰክቼ እቀርጻለሁ። ድምፁ ይታፈናል፣ እምምም የሚል ጩኸት አለው፣ ደግሞ ክሩን ከመታሁት በኋላ ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ። አንድ ልጅ ባለ ስምንት ማስገቢያ ያገለገለ ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባውን ሳጥን) ልሽጥልህ ብሎኛል። ልግዛው?»

ወንድሜ፣ ይቅርብህ። አንተ አንድ ሰው ነህ፣ ጊታርህም አንድ ነው። እኔም እንደዚሁ ባለ ስምንቱ አስጎምጅቶኝ ገዝቼ ቤት ስደርስ መሰኪያው ፋየርዋየር የሚባለው የድሮ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ላፕቶፔ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለም። አሁን የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሆኖልኛል። ያገለገለ ስትገዛ መጀመሪያ ጀርባውን አዙረህ እይ፣ ዩኤስቢ ነው ወይ? ቀጥሎ በራስህ ላፕቶፕ ላይ ድራይቨሩን (ላፕቶፑ ካርዱን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) ጭነህ፣ ጊታርህን ሰክተህ፣ ድምፁን ሰምተህ ነው ብር የምትቆጥረው። የድሮ ካርድ ለአዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨር ላይኖረው ይችላል።

ወደ መታፈኑ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። ከክሮቹ ሥር ያለው የጊታርህ ፒክአፕ ማግኔት ላይ በሺህ በሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ደካማ ነው። እንደ ሰፈራችን ቀጭን የውሃ መስመር አስበው፤ ጎረቤት ሁሉ ባንዴ ከከፈተ ላንተ ጠብታ ነው የሚደርስህ። የማስገቢያው ኦም ሲያንስ የሚስበው ይበዛል። ተራ የላይን ማስገቢያ 10 ሺህ ኦም አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከፒክአፑ ብዙ ይስባል። ቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ቀጭኑ፣ የሚያበራው ድምፅ ነው። ለጊታር የተሠራው ማስገቢያ ወደ 1 ሚሊዮን ኦም ስለሆነ ምንም አይስብበትም ማለት ይቻላል። ካርዱ ላይ «ኢንስት» (INST) የሚል ጽሑፍ ወይም የጊታር ሥዕል ፈልግ። ቁልፍ ካለው ደግሞ ተጫነው! ሳይጫኑት «ካርዱ አይረባም» ብለው የሚመጡ ስንቶች ናቸው። ክራር ላይ የሚለጠፈው ፒዞማ (የእንጨቱን ንዝረት የሚለቅመው) ከጊታርም ይብሳል፣ ያለዚህ ማስገቢያ አትሞክረው።

ለጊታርና ለድምፅህ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ይበቃሃል። አንድ የማይክ፣ አንድ የጊታር ማስገቢያ አለው፤ ለኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገውን 48 ቮልትም ይሰጣል። ጓደኛህ በሌላ ማይክ አብሮህ የሚዘፍን ከሆነ ባለ ሁለት ማይኩን 2አይ2 ውሰድ። ኪስህ ከሳሳ የቤሪንገር ዩኤምሲ 202 ኤችዲ አያሳፍርም። ሻጩ «192 ኪሎኸርዝ ነው»፣ ማለትም ድምፁን በሴኮንድ 192 ሺህ ጊዜ ይለካል፣ እያለ ዋጋ ቢቆልል አትስማው። በ24 ቢት፣ በ44.1 ወይም በ48 ኪሎኸርዝ ቅረጽ። በጣም ጠንክረህ ስትመታ ሜትሩ ከቀነስ 12 ዲሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ አድርገህ ጌኑን (የማስገቢያውን የድምፅ መጠን) አስተካክል።

የመዘግየቱ ነገር ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ የካርዱን የራሱን አሲዮ (ASIO፣ መዘግየትን የሚቀንስ) ድራይቨር ምረጥና በፈሩን፣ ማለትም ላፕቶፑ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያስተናግድበትን መጠን፣ 128 አድርገው። በ44.1 ይህ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። 1024 ላይ ግን 23 ይሆናል፣ ያውም መግቢያው ብቻ፤ ሲወጣ ሌላ ይጨመርበታል። ያኔ እጅህና ጆሮህ ይጣላሉ። ሚክስ ስታደርግ መልሰህ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ላፕቶፑም ያርፋል።

ለጩኸቱ ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ቻርጀሩን ንቀል። ከጠፋ ጥፋቱ የካርድ አልነበረም። ካልጠፋ ወንበርህ ላይ እንዳለህ ቀስ እያልክ ዙር። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ የመብራታችንን 50 ኸርዝ እንደ አንቴና ይለቅመዋል፣ አንድ አቅጣጫ ላይ ግን ይቀንስለታል። ከስታቢላይዘርና ከሸምበቆ አምፖልም ራቅ በል። እነዚህ ትንንሽ ካርዶች ኃይላቸውን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ነው የሚወስዱት። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብለህ አትናደድ፣ ባትሪህ ካለ ከሁሉ የጠራ ቀረጻህ ያን ሰዓት ነው።

አሁን ክረምት ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ አያናግርም። በገመድ የገባ የኤሌክትሪክ ጊታር ዝናብ አይሰማም፣ እሱን ጨርሰው። ድምፅህን ዝናቡ እስኪያባራ አቆየው።